የበሬ ሌባ የሚፈራው ምኑን ነው? ስለ ወንጀል፣ ቅጣትና መቀጣጫ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ምጣኔ ሀብት አስተምራለሁ፤ ተወልጄ ያደግሁት ግን መንዝ ነው። ስለ ወንጀልና ቅጣት ክፍል ውስጥ ባነሣሁ ቁጥር፣ ይልቁንም ለበዓል አገር ቤት ስገባ፣ ሰው የሚጠይቀኝ ነገር ከዓመት ዓመት አንድ ዓይነት ነው። እዚህ የሰበሰብሁት እሱን ነው። የሕግ ሰው ስላልሆንሁ፣ ጉዳይ የያዘ ሰው ጠበቃ ወይም ዓቃቤ ሕግ ያማክር።

ምጣኔ ሀብትን ከሌባ ጋር ምን አገናኘው?

ሌባም ያሰላል ከሚል ሐሳብ ይነሣል። ጣሊያናዊው ቼዛሬ ቤካሪያ እ.ኤ.አ. በ1764 ሰውን ከወንጀል የሚያርቀው የቅጣቱ ጭካኔ ሳይሆን ቅጣቱ የማይቀር መሆኑ ነው ብሎ ጻፈ። ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1968፣ አሜሪካዊው ጋሪ ቤከር ነገሩን በሒሳብ አስቀመጠው። ሰው የሚሰርቀው፣ የሚያገኘው ጥቅም ከመያዝ ዕድሉና ከቅጣቱ ብዜት ሲበልጥበት ነው አለ። ሐሳቡ የመጣለት ተማሪ ለመፈተን ረፍዶበት ሲጣደፍ መኪናውን በተከለከለ ቦታ ያቁም አያቁም እያለ ሲያመዛዝን እንደነበር ራሱ ተናግሯል። የመቀጣት ዕድሉ ትንሽ መስሎ ስለታየው አቆመ። እ.ኤ.አ. በ1992 የኖቤል ሽልማት ካገኘባቸው ሥራዎቹ አንዱ ይኸው ነው።

የእኛ አገር ሌባ እርሳስና ወረቀት ይዞ አይቀመጥም። ግን ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት ጨረቃ መኖር አለመኖሯን፣ የውሻውን ነገር፣ ባለቤቱ ለቅሶ ሄዶ እንደሆነ የሚያጣራ ሰው ከዚህ ሌላ ምን እያደረገ ነው?

ስሌቱ የማይገባበት ቦታም አለ። ጠላ ቤት ውስጥ ድንገት በተነሣ ጠብ ዱላ የሰነዘረ ሰው አንቀጽ አይቆጥርም። በእምነቱ የጸና ሰውም እንዲሁ ነው። የምኖርባት ከተማ ስሟን ያገኘችው፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዜና መዋዕል እንደሚለው፣ ንጉሡ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉትን የአባ እስጢፋኖስን ተከታይ መነኮሳት በድንጋይ ካስወገሩ በኋላ በሰማይ ከታየው ብርሃን ነው። ከዚያ የበረታ ቅጣት አይኖርም። ደቂቀ እስጢፋኖስ ግን በዚያ አልጠፉም፤ ገዳማቸው ጉንዳ ጉንዲ እስከ ዛሬ ቆሟል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለው ለጥቅም ተብሎ ስለሚሠራ ወንጀል፣ በተለይም ስለ ስርቆት ነው።

ሌባ ንብረት ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ነው ያዛወረው። አገር በዚህ ምን ይጎዳል?

ተማሪዎቼ ይህን ሲጠይቁ ቤታችን የደረሰውን እነግራቸዋለሁ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ሰኔ ላይ፣ የአባቴ አንዱ በሬ ከጋጣ ተወሰደ። ባለ ጥማድ የነበረ ገበሬ አንድ በሬ ሲቀረው ግማሽ አራሽ አይሆንም፤ ቀንበር በአንድ በሬ አይጠመድምና አራሽነቱ ጨርሶ ቀረ ማለት ነው። መቀናጆ እስኪያገኝ፣ ከዚያም የሌላውን ማሳ አስቀድሞ አርሶ ወደ ራሱ እስኪመለስ የገብሱ ዘር ጊዜ አለፈ። በዚያ ዓመት ጎታችን ከወገቡ አልሞላም።

ሌባው በበኩሉ በሬውን ቆላ አውርዶ በርካሽ ነው የሚጥለው፤ የተሰረቀ ከብት በእውነተኛ ዋጋው አይሸጥም። እሱ ያገኘው ትንሽ፣ እኛ ያጣነው ብዙ፤ በመሃል የጠፋው ማንም እጅ አልገባም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ጋጣ ማደር ጀመረ። ከብት ወደ ሩቅ ግጦሽ መስደድ ቀረ። ሁለተኛ በሬ ሊገዛ ያሰበው ሰው፣ ለሌባ ነው የማደልበው ብሎ ተወው። ያልተገዛው በሬና ያልታረሰው መሬት በማንም መዝገብ አልተጻፈም፤ ትልቁ ኪሣራ ግን እሱ ነው። ጎርደን ተሎክ የሚባል ምሁር እ.ኤ.አ. በ1967 ያስረዳው ይህንኑ ነው። ሌባው ለመስረቅ የሚያጠፋው ጉልበት፣ ባለቤቱም ላለመሰረቅ የሚያጠፋው ጉልበት ሁለቱም ምንም ያላፈራ ጉልበት ነው።

እና ቅጣቱን ማክበድ አይሻልም? ለበሬ ሌባ ሃያ ዓመት ቢፈረድበት ማን ይሰርቃል?

በጣም የሚደጋገመው ጥያቄ ይህ ነው፤ ከተበደለ ሰው አፍ ስለሚወጣም አልፈርድበትም። አባቴም እንደዚያ ይል ነበር።

መጀመሪያ ሕጉ ምን ይላል? ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ ተራ ስርቆትን እንደ ክብደቱ እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት፣ ከባድ ስርቆትን ከ1 እስከ 15 ዓመት፣ ከባድ ውንብድናን ከ5 እስከ 25 ዓመት ያስቀጣል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቅጣት ቀላል አይደለም። ሌባው ግን ይሰርቃል።

ለምን እንደሆነ በጣት እንቁጠር። አንድ ሌባ ሃያ ጊዜ ሰርቆ አንድ ጊዜ ብቻ ይያዛል እንበል፤ ሲያዝም 5 ዓመት ይፈረድበታል። 60 ወር ለሃያ ሲካፈል እያንዳንዱ ስርቆት 3 ወር አስከፈለው ማለት ነው። ቅጣቱን ወደ 10 ዓመት ብናሳድገው 6 ወር ይሆናል። ቅጣቱን ወደ 2 ዓመት ዝቅ አድርገን ከአራት ስርቆት በአንዱ እንዲያዝ ብናደርግም ያው 6 ወር ይመጣል። በወረቀት ሒሳብ ሁለቱ እኩል ናቸው። እንዲያውም የቤከርን ቀመር ብቻ የያዘ ሰው፣ ፖሊስ መቅጠር ውድ ስለሆነ ቅጣቱን ማክበድ ይረክሳል ሊል ይችላል።

በሰው ልብ ግን እኩል አይደሉም። ሃያ ሁለት ዓመት የሆነው ጎረምሳ ከዛሬ ሰባት ዓመት በኋላ ያለውን ዓመት ከቁጥር አያስገባውም፤ የሚያስፈራው የፊታችን ሳምንት ነው። ሃያ ጊዜ ሄዶ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ በሰላም የተመለሰ ሰው ደግሞ፣ እኔን የሚይዝ የለም ብሎ ያምናል። ከአራቱ በአንዱ የተያዘው ግን ገና ሦስተኛው ላይ ልቡ ይመታል። አብሮ አደጉ ሲታሰርም በዓይኑ አይቷል። ፈርቶ የሚተወው ሲበዛ እስረኛውም ይቀንሳል፣ ወጪውም አብሮ ይቀንሳል።

ሌላም ችግር አለ። መንዝ በበጉ ይታወቃልና በእሱ ላስረዳ። አንድ ግልገል የሰረቀና ሃያ በግ የነዳ ሰው እኩል የሚቀጡ ከሆነ፣ በረት ደርሶ አንድ ብቻ ይዞ የሚመለስ ጅል ሌባ የለም። ለሌባ ሃያ ዓመት ለነፍሰ ገዳይም ሃያ ዓመት ካልነው ደግሞ የባሰ ነው። ተራ የሰው ግድያ በሕጋችን ከ5 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል። ጋጣ ውስጥ ፊቱ የታወቀበት ሌባ፣ ያየውን ሰው ቢገድለውም ቅጣቱ የማይጨምር ከሆነ ምን ያግደዋል? የቅጣት ደረጃ የሚያስፈልገው ለሌባው ለመራራት አይደለም፤ ጋጣ ውስጥ ለሚያድረው ልጅ ነው።

ሦስተኛው ነገር የሰው ርኅራኄ ነው። እንግሊዝ አገር በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከሁለት መቶ በላይ ወንጀሎች በስቅላት ያስቀጡ ነበር። ከመኖሪያ ቤት 40 ሽልንግ የሚያወጣ ዕቃ የሰረቀ ይሰቀላል። ፍርድ የሚሰጡት ዜጎች ይህን ሲያዩ፣ የተሰረቀው ብዙ ሆኖ ሳለ 39 ሽልንግ ነው እያሉ ሰውየውን ከገመድ ያወጡት ጀመር። ቅጣት ሲከብድ ፈራጁ ያመነታል፣ ምስክሩም አላየሁም ይላል። የመንደራችን ሰው ለአንድ በግ የጎረቤቱን ልጅ ሃያ ዓመት የሚያሳስር ቃል ይሰጣል ብሎ የሚያስብ፣ መንደራችንን አያውቀውም።

የሞት ቅጣትስ?

በሕጋችን አለ፤ ለከባድ የሰው ግድያና ለጥቂት ሌሎች ወንጀሎች። በይፋ የሚታወቀው የመጨረሻው የሞት ቅጣት የተፈጸመው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያስፈራል ወይስ አያስፈራም የሚለውን አሜሪካኖች ለአሥርት ዓመታት ተከራክረውበታል። አይዛክ ኧርሊክ እ.ኤ.አ. በ1975 አንድ ሰው በሞት ሲቀጣ ስምንት ያህል ነፍስ ይተርፋል ብሎ ጻፈ፤ ሌሎች በዚያው መረጃ ተቃራኒውን አገኙ። የአገሪቱ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 እስከዚያ የተጻፉትን መርምሮ፣ በእነዚህ ጥናቶች ተመሥርቶ ይቀንሳልም አይቀንስምም ማለት አይቻልም አለ። የተሰቀለ ሰው ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ የሚመለስበት መንገድ ስለሌለ እኔ ከተቃዋሚዎቹ ወገን ነኝ።

መያዝ ነው ዋናው ካላችሁ፣ ፖሊስ ማብዛት ብቻ አይበቃም?

ፖሊስ ባለበት ስርቆት እንደሚቀንስ ጥሩ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1994 ቦነስ አይረስ ውስጥ የአይሁዶች ማኅበር ሕንፃ በቦምብ ከተመታ በኋላ፣ መንግሥት በከተማዋ ያሉ የአይሁድ ተቋማትን ሁሉ ሌት ተቀን በፖሊስ አስጠበቀ። ጥበቃው ለሽብር እንጂ ለሌባ አልነበረም። የመኪና ስርቆቱ ሲቆጠር ግን ፖሊስ በቆመበት ብሎክ ከ70 በመቶ በላይ ቀንሶ ተገኘ። ሁለት ብሎክ እልፍ ሲባል ለውጥ አልነበረም።

ይህን ወደ ሰሜን ሸዋ አምጡት። ከጣርማ በር ገደል እስከ ጅሩ ሜዳ፣ ከአንኮበር ተራራ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ፣ በየጋጣው ደጃፍ ፖሊስ ማቆም አይቻልም። ሌባን በየሰፈሩ የሚያውቀው ጎረቤቱ ነው። በሬ የሚያህል ነገር ማንም ሳያየው አገር አቋርጦ አይሄድም። የጎደለው አፍ የሚከፍት እንጂ የሚያይ አይደለም፤ ለዚህ ነው የድሮውን ሥርዓት ማጥናት የምወደው።

ታዲያ አፈርሳታ ቢመለስስ? አያቶቻችን በእሱ አልነበር ሌባ የሚያወጡት?

አፈርሳታ፣ በሌላ ስሙ አውጫጭኝ፣ እንዲህ ነበር። ሠሪው ያልታወቀ ስርቆት፣ ቃጠሎ ወይም ግድያ ሲፈጸም የአካባቢው ሰው በጭቃ ሹሙ ጥሪ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ሁሉም ይምላል፤ ያየ የሰማ ይናገር ይባላል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም፤ ስንቁም ከራሱ ነው። ፊት ለፊት መናገር የፈራ፣ ወፍ ነገረኝ በሚል ስም ሳይታወቅ የሚናገርበት መንገድ ነበር። ጨርሶ ካልወጣ አገሩ ተዋጥቶ ለተበዳዩ ይከፍላል።

በምጣኔ ሀብት ዓይን ሳየው ይገርመኛል። ዛሬ ዝም ያለ ሰው ምንም አይከፍልም፤ የተናገረ ግን ጠላት ያፈራል። አፈርሳታ ይህን ገለበጠው። ዝም ባልክ ቁጥር ማሳህ ሳይታጨድ ይቆያል፣ በመጨረሻም ከኪስህ ይወጣል። መረጃው መንደር ውስጥ እንዳለ ስላወቁ ዝምታን አስወደዱት። የመናገርን ዋጋ ደግሞ በወፉ በኩል አረከሱት። ያለ ፖሊስ፣ ያለ ደመወዝ።

ይመለስ ግን አልልም። ምንም ያላደረገ ሰው በአጨዳ ወራት ለቀናት ሜዳ ላይ ተይዞ ይከርማል፤ በዕለት ጉልበቱ የሚያድረው ድሃ ከሁሉ በላይ ይጎዳል። ከዚያ የከፋው ደግሞ፣ አገሩ ወደ ቤቱ ለመመለስ ሰው መስጠት አለበትና ወገን የሌለውን ይሰጣል። ከሌላ አገር የመጣ፣ ሸክላ ሠሪ፣ አንጥረኛ፣ ከጭቃ ሹሙ ጋር የተጣላ፤ ጣት ሲቀሰር መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው። ስሙን ያልገለጸ ከሳሽ ቂሙንም በወፍ አፍ ሊያወጣ ይችላል። ከአፈርሳታ ልንወስድ የሚገባን አንድ ነገር ነው፤ ያየ ሰው መናገሩ ርካሽ እንዲሆንለት ማድረግ።

አንዳንዴ ንጹሕ ሰው ቢቀጣም ሌላው ይፈራል፤ ያም ጥቅም አይደለም?

አይደለም። ይህን ከልቤ ነው የምለው። ድሮ ሌባሻይ የሚባል ነበር። ለአንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው፣ ወገቡን በገመድ ይዘው ይለቁታል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተባለ ማለት ነው። በኋላ መንግሥት ከለከለው።

ሰውየው ሲጠነቀቅ የሚያስበው የሰረቀ ሰው የሚደርስበትንና ያልሰረቀ ሰው የሚደርስበትን ልዩነት ነው። ልጁ በዘፈቀደ የሚወድቅ ከሆነ፣ ሰረቅህም አልሰረቅህም ዕጣህ አንድ ነው። ልዩነቱ ሲጠብ በንጽሕና የመኖር ጥቅሙም አብሮ ይጠባል። አንድ ንጹሕ ሰው የታሰረ ዕለት ሁለት ነገር ይጠፋል፤ እውነተኛው ሌባ በሰላም ያድራል፣ ሌላውም ሐቀኛ መሆን ምን አተረፈ ይላል።

ያየ ሰው ለምን አይመሰክርም?

ዋጋው ስለሚከብደው። ከገጠር ቀበሌ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ምስክር የእርሻ ቀኑን ያጣል፤ ደርሶም ቀጠሮው ለሌላ ጊዜ ተላልፏል ይባላል። የአባቴ በሬ ጉዳይ ሲታይ ሁለት ምስክሮች ነበሩን። በመጀመሪያው ቀጠሮ ሁለቱም መጡ፣ በሁለተኛው አንዱ መጣ፣ በሦስተኛው አባቴ ብቻውን ቆመ። ተከሳሹ ተለቀቀ። በሬውን ከወሰደብን ሌባ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ሦስተኛው ቀጠሮ ነው።

ፍርሃትም አለ። በአዋጅ ቁጥር 699/2003 የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ ተደንግጓል፤ ነገር ግን የተዘጋጀው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጡ ከባድ ወንጀሎች ነው። የበግ ሌባ ያየች ባልቴት እዚያ ውስጥ አትገባም። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ጉዳይ ምስክሩ ሳይበተን፣ ትዝታው ሳይደበዝዝ በቀናት ውስጥ ቢታይ፣ ማንኛውም አዲስ አንቀጽ ከሚሠራው የበለጠ ይሠራል ባይ ነኝ። ፍርድ ሲዘገይ የቅጣቱም ፍርሃት ይቀዘቅዛል። ዛሬ ለሠራው ከሁለት ዓመት በኋላ የሚፈረድበት ሰው ሁለቱን አያያይዛቸውም።

ፍርድ ቤት ከዘገየ፣ ገበያ ላይ የያዝነውን ሌባ እኛው ብንቀጣውስ?

አንድ የገበያ ቀን ሰው ሲደበደብ አይቻለሁ። ሌባ! የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ማን እንደጮኸ፣ ምን እንደጠፋ የሚያውቅ አልነበረም። ሁሉም ግን ዱላ አነሣ።

ሰው ይህን የሚያደርገው ፈጣንና የማይቀር ቅጣት ፈልጎ ነው፤ ፍላጎቱ ትክክል ነው። ውጤቱ ግን እንደ ሌባሻይ ነው፤ የሮጠ ሁሉ ሌባ ይሆናል። ቅጣቱም ልክ የለውም፤ ለሞባይል ስልክ ነፍስ ይጠፋል። እንደዚያ የሚገደል መሆኑን ያወቀ ሌባ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ጩቤ ይዞ ይመጣል። በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ የሚሉ ሰዎች ልጆች ነን። አያቶቻችን በሕግ አምላክ ሲባሉ ያነሡትን ዱላ ያወርዱ ነበር፤ አንድ ቃል እንዲያ ያስቆም የነበረው ከቃሉ በስተጀርባ ፍርድ እንዳለ ሰው ስለሚያምን ነው። ደብዳቢውም ወንጀለኛ እንደሆነ አይረሳ።

የሚያሰርቀው ድህነት አይደለም እንዴ?

በከፊል። ጀርመናዊው ጌኦርግ ፎን ማየር እ.ኤ.አ. በ1867 የባቫሪያን መዝገቦች አገላብጦ፣ የአጃ ዋጋ በተወደደ ዓመት ስርቆት እንደሚበዛ አሳየ። አጃ የድሃ ዳቦ ነበረ። የእኛም ደጋ እንደዚያ ነው፤ መንዝና አንኮበር አካባቢ በልግ ሲቀር ገብሱ ይቀራል፣ ክረምቱም ይከብዳል። ሰው በቅንነት ሠርቶ የሚያገኘው ሲቀንስ የስርቆት ሚዛኑ ያጋድላል። ስለዚህ በሴፍቲኔት የሚሰጥ እህል የወንጀል መከላከያም ነው፤ ከእስር ቤት ወጪ ጋር አብሮ ሊቆጠር ይገባዋል።

ድሃ ሁሉ ይሰርቃል ማለት ግን ስድብ ነው። በጣም ድሃ ሆነው በር ሳይዘጉ የሚያድሩ መንደሮች አውቃለሁ። ደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች ከተተከሉባትና ተፈናቃዮች ከተጠለሉባት ወዲህ ስርቆት ሲነሣ ጣት ወደ መጡት ሰዎች ይቀሰራል። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ሁሉም በሚተዋወቅበት መንደር ሌባ ከእስር በፊት ስሙን ያጣል፤ ልጁን የሚያገባለት፣ እድር የሚያስገባው የለም። በማይተዋወቁ ሰዎች ከተማ ይህ ቅጣት አይሠራም፤ ክፍተቱን መሙላት ያለበት ፖሊስና ፍርድ ቤት ነው። ለአዲስ መጤ የመጀመሪያው መከላከያ ሥራና ጎረቤት ነው።

ከእስር ይልቅ በገንዘብ መቅጣት አይሻልም?

ለብዙ ጥፋት ይሻላል። እስረኛ ይበላል፣ ይጠበቃል፣ ማሳውም ጦም ያድራል፤ መቀጮ ግን ለመንግሥት ይገባል። ችግሩ ልኩ ላይ ነው። የወንጀል ሕጋችን ለግለሰብ በመደበኛነት ያስቀመጠው ጣሪያ 10,000 ብር ነው። ያኔ ከአንድ ጥማድ በሬ በላይ ይገዛ ነበር፤ ዛሬ አንድ በሬ አይገዛም። ሕጉ ሳይነካ የዋጋ ንረት ብቻውን ቅጣቱን አቀለለው።

ሽማግሌ አስታርቆ ካሳ ከተከፈለ ፍርድ ቤት ለምን ያስፈልጋል?

ሽምግልና ፍርድ ቤት የማይሰጠውን ይሰጣል። ተበዳዩ በሬውን ወይም ዋጋውን ያገኛል፤ በፍርድ ቤት ሌባው ሲታሰር ተበዳዩ ባዶ እጁን የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። በነፍስ ጉዳይ ደግሞ ደም ማድረቅ ሌላ ነፍስ ያድናል። ገዳዩ ቢታሰርም እርቅ ካልወረደ ደም መመለስ ይመጣል፤ ሁለተኛውን ግድያ የሚያስቀረው ካህኑና ሽማግሌው ነው። ነፍስ ግድያ ግን በእርቅ ብቻ አያልቅም፤ ክሱ የመንግሥት ነው።

የሚያሳስበኝ ካሳ ዋጋ ሲሆን ነው። እስራኤል አገር ሃይፋ ከተማ በሚገኙ መዋዕለ ሕፃናት፣ ልጃቸውን ዘግይተው የሚወስዱ ወላጆች ላይ መቀጮ ሲጣል መዘግየቱ ጭራሽ ጨመረ፤ ወላጆቹ መቀጮውን እንደ አገልግሎት ክፍያ ቆጠሩት። ሀብታም ሰው ድሃ ደብድቦ ካሳውን በኪሱ ይዞ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብም ነገሩ ያው ነው። እርቁ ከበደለኛው ዘንድ ውርደትና ይቅርታ ካልጠየቀ፣ ያው ግዢ ነው።

የታገተ ዘመድ ለማስለቀቅ ገንዘብ መክፈል ሌላ እገታ አይጋብዝም?

ይጋብዛል። የተከፈለ ብር ሁሉ የሚቀጥለውን እገታ አዋጭ ያደርገዋል፤ ይህ የማይካድ ነው። ግን ልጇ የታገተባትን እናት አትክፈዪ የሚል አንደበት የለኝም። ለእሷ ልጇ አንድ ነው፤ የሚቀጥለው ታጋች ስሙን የማታውቀው ሰው ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ትክክል የሚያደርገው ነገር ሲደመር ሁሉንም የሚጎዳበት ጉዳይ ነው፤ እንዲህ ያለውን ቋጠሮ ቤተሰብ ብቻውን አይፈታውም። መንገድ የመጠበቅ ሸክሙ በመንግሥት ላይ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። መንደር ለመንደር ገንዘብ ሲዋጣ ባየሁ ቁጥር፣ መንገድ ሊጠበቅበት የሚገባው ግብር በድሃ ትከሻ ላይ እንደገና ሲጫን ያየሁ ያህል ነው የሚሰማኝ።

እኛው አካባቢ የሠራ ምሳሌ አለ?

ጓሳ አለ። መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ብዙም ሳይርቅ፣ መቶ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ደጋ፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ ሰው ለክዳንና ለገመድ የሚሆን ሣር የሚያጭድበት። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለ የቆየ የአካባቢ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ለዓመታት ይዘጋል፣ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፣ በተዘጋበት የገባ ይቀጣል። ጠባቂው ከሣሩ የሚጠቀመው ራሱ ሰው ስለነበር፣ የሰረቀ ሰው ከማያውቀው መንግሥት ሳይሆን ከጎረቤቱ ድርሻ ነው የሚሰርቀው። ሥርዓቱ የላላው በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ነው፤ አሁን በማኅበረሰብ ጥበቃ እንደገና ተይዟል። ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 ኖቤል ያገኘችው በዓለም ዙሪያ እንዲህ ያሉ ሥርዓቶችን አጥንታ ነው። ካየቻቸው ነገሮች አንዱ፣ ዘላቂ ሆነው የተገኙት ቅጣታቸው በትንሹ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የሚከብድ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ቅጣት ዋና ሥራው፣ ታይተሃል ማለት ነው።

እኔ አንድ ገበሬ ነኝ፤ ምን ላደርግ እችላለሁ?

ከብት ስትገዙ ተጠንቀቁ። ሌባ የሚኖረው በገዢ ነው፤ የሚገዛው ባያገኝ የእኛ በሬ ቆላ ባልወረደ ነበር። ሻጩን የሚያውቅ ሰው አስመጡ፣ ከየት ቀበሌ እንደመጣ ጠይቁ፣ ሁለት ምስክር አቁሙና ተፈራረሙ፤ ዋጋው ከገበያው እጅግ ከረከሰ እጃችሁን ሰብስቡ። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። በበጋችሁና በበሬያችሁ ላይ የታወቀ ምልክት አድርጉ፤ ጎረቤትም ይወቀው። ከብት ከጠፋ በዚያው ሌሊት ወደ ገበያው መንገድ ሰው ላኩ፣ ለሚሊሻውም ንገሩ፤ ከነጋ በኋላ ሌባው አንድ ገደል ይቀድማችኋል። ጎረቤታችሁ ለመመስከር የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ያን ቀን ማሳውን እረሱለት። ለአባቴ ምስክሮች በሦስተኛው ቀጠሮ ያን ያደረገላቸው ሰው አልነበረም።